የተከበሩ አቶ ሞረዳ ለቅሶ

የተከበሩ አቶ ሞረዳ ባቻ የነቀምቴን አውራጃ ወክለው በሕግ መምሪያ ምክር ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ኖረዋል። አራት ጊዜ ተወዳድረው አራቱንም አሸንፈዋል። በዚያ ዘመን ፓርቲ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሰው የሚመረጠው በስሙና በምልክቱ ነው፤ የእሳቸው ምልክት ፈረስ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ፈረስ የተሣለበትን ሳጥን ፈልጎ ወረቀቱን ይከትና «አባ ዳማን መረጥኩ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዳማ የፈረሳቸው ስም ነው። ጉቴና ኡኬ በሚባሉት የአውራጃው መንደሮች አቶ ሞረዳ ከሚላቸው ሰው አባ ዳማ የሚላቸው ይበልጥ ነበር።

ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል፤ የፓርላማ አባል ሲነሣ ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነውና። ጉቦ አልበሉም፤ የማንንም ሚስት አልነጠቁም፤ ለደሃ ሰላምታ አይነፍጉም። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ለብዙ ጊዜ አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም፤ ራሳቸውም ጭምር።

የፖለቲካቸውን ጥበብ የተማሩት ከአንድ ህንዳዊ ነው። በአርባ ዘጠኝ ዓ.ም. የመጀመሪያው ምርጫ ሊደረግ ሲል፣ ነቀምቴ ባለው ግቢያቸው ጓሮ ሚስተር ኩሪያን የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። አመሻሽ ላይ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ አገሩ ማውራት ይወዳል። በእሱ ክፍለ ሀገር አንድ ሽማግሌ መሪ ነበሩ፤ ከእንግሊዝ ዘመን ጀምሮ ሲመረጡ የኖሩ፣ አንዴ የክፍለ ሀገሩ ዋና ሚኒስትር የሚሆኑ፣ አንዴ የሚወርዱ፣ ወርደውም ተመልሰው የሚወጡ። ስንቱ ጎረምሳ ሊጥላቸው መጥቶ ራሱ ወድቆ ሄዷል።

«ምን ቢያደርጉ ነው?» አሉ አቶ ሞረዳ።

«ለቅሶ አይቀሩም» አለ ህንዱ። «ሰርግ የመጣ ሰው ይረሳል። ቀብር የመጣ ሰው አይረሳም።»

ለወለጋ ሰው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። ለቅሶን እንደ ሥራ ያሰበ ግን ከዚያ በፊት አልነበረም። አቶ ሞረዳ አሰቡት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሀብታም ሞተ ደሃ፣ የአገሩ ተወላጅ ሞተ ከጎጃም የመጣ ነጋዴ፣ ዳማን ጭነው ይደርሳሉ። ከግቢው ራቅ ብለው ይወርዱና ፈረሱን በልጓም እየሳቡ ይገባሉ፤ በዚያ አገር ኮርቻ ላይ ሆኖ ለቅሶ ቤት መግባት ነውር ነው። እንባቸው ደግሞ ቅርብ ነው። ማስመሰል አልነበረም፤ ከሚያለቅስ ሰው አጠገብ ከቆሙ አይችሉም፣ ይወርዳል። በምርጫው ቀን ያለቀሱለት ቤት ሁሉ ፈረሱን አስታወሰ።

ለቅሶ ብቻውን ግን አያስመርጥም፤ «ይህን ሰው ስደዱት» የሚል ሽማግሌም ያስፈልጋል። ያንን ያደረጉላቸው የጉቴው ኦቦ ዋጋሪ ናቸው። ዋጋሪ ጭሰኛ ነበሩ፤ የራሳቸው የሚሉት አንድ ጥማድ መሬት የላቸውም፤ ነገር ግን ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንድ ቃል ከተናገሩ ያንን ቃል የሚያጥፍ ሰው በአካባቢው አልነበረም። አቶ ሞረዳን አስመርጠው ሲያበቁ ለብቻቸው ጠሯቸው።

«ልጄ» አሏቸው። «የምናርሰው የሰው መሬት ነው። ጌታው አንድ ቀን ውጡ ቢለን መግቢያ የለንም። እዚያ ትልቁ ቤት ስትገባ ተነሥተህ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ያረሰው ሰው የት ይሂድ? በላቸው። ሌላ አልለምንህም።»

«እናቴ ትሙት፣ እጠይቃለሁ» ብለው ማሉ አቶ ሞረዳ።

ሲምሉ ከልባቸው ነበር። አዲስ አበባ ገብተው የምክር ቤቱን ወንበር ሲያዩት ግን ወንበሩ ለስላሳ ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ አንድ ባልደረባቸው ስለ ጭሰኛ ተነሥቶ ተናገረ። በሳምንቱ ወደ አንድ ቢሮ ተጠራ። ሲመለስ ምን እንዳሉት አልነገራቸውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ መንገድ ጥገና ብቻ ነበር የሚናገረው። አቶ ሞረዳ ይህን አዩ። በዚያ ላይ ኡኬ አጠገብ ባለችው መሬታቸው የሚያርሱ የራሳቸው ጭሰኞች ነበሯቸው፤ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እሳቸውም ደጅ ይመጣል። ዝም አሉ። ዛሬ ያልሆነ ነገ ይሆናል ብለው ዝም አሉ፤ ነገ ሲመጣም እንደዚያው።

በምክር ቤቱ ውስጥ እጃቸውን የሚያወጡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አገሬ ለቅሶ አለብኝ» ይላሉ። ፕሬዚዳንቱም «ተፈቅዷል፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይሏቸዋል። ይህ ከመለመዱ የተነሣ ኋላ ኋላ አፋቸውን መክፈትም አላስፈለጋቸውም፤ እጃቸው ሲወጣ ፈቃዱ ይሰጣል።

ጉቴ ላይ ደግሞ ሰው እየጠበቀ ነበር። በመንደሩ አንድ ሬዲዮ አለ፤ ያውም እናት አባቷ ከሸዋ የመጡት ወይዘሮ ሸዋጌጥ ጠጅ ቤት ውስጥ። ኦቦ ዋጋሪ የመካነ ኢየሱስ ሰው ስለሆኑ ጠጅ ቤት አይገቡም። ስለዚህ የዜና ሰዓት ሲደርስ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ያስጠጋሉ። ሸዋጌጥ አዝናላቸው ድምፁን ከፍ ታደርግላቸዋለች። ምክር ቤቱ ተሰበሰበ ይላል ሬዲዮው፤ እገሌ ተናገሩ ይላል። የሞረዳ ስም አይመጣም።

አቶ ሞረዳ ለእረፍት ሲመጡ ሽማግሌው ጠየቋቸው። «ኦቦ ሞረዳ፣ ስናዳምጥ ከረምን። ድምፅህ አልመጣም።»

«ተናግሬያለሁ ኦቦ ዋጋሪ» አሉ አቶ ሞረዳ። «ሬዲዮው ዘለለው።»

በመጀመሪያ እፍረት የወለደው ውሸት ነበር። በዓመቱ ደገሙት። ከዚያ ወዲያ ከሰላምታ እንደ አንዱ ሆነ። ዋጋሪም አንድ ቀን እንኳ ዋሸኸኝ አላሏቸውም። «እናውቃለን፣ ሬዲዮ እንደዚያ ነው» ይሉና ወደ ቤት ያስገቧቸዋል፤ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር በቅቤ ይቀርባል፤ ልጃቸው ድርቤ ቆማ ታስተናግዳለች። ድርቤ ጎበዝ አልቃሽ ናት እየተባለ የሚነገርላት ሴት ነበረች። ስታስተናግድም ዓይኗን ከእንግዳው ላይ አትነቅልም።

ዓመታት እየገፉ ሲሄዱ ለቅሶ መድረሱም ከበዳቸው። አዲስ አበባ ቤት ሠሩ፤ ጉልበታቸው ታመመ። መጀመሪያ ሩቅ ላለው ለቅሶ ታናሽ ወንድማቸውን ጆቴን መላክ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ለቅርቡም። ሰው እንዳይቀየም ጆቴ የእሳቸውን ጥቁር ካባ ደርቦ፣ የእሳቸውን ዳማ ጭኖ ይሄዳል። ፈረሱን ያየ «አባ ዳማ ልኳል» ይላል። አራተኛውም ምርጫ በዚሁ አለፈ።

ሚስተር ኩሪያን ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ አቶ ሞረዳ ሸኙት። ያኔ ድንገት ትዝ አላቸውና፣

«እኚያ የናንተ ሽማግሌ» አሉት፣ «ምክር ቤት ውስጥስ ይናገሩ ነበር?»

ህንዱ ሳቀ። «ይናገሩ ነበር? ማስቀመጥ ነው እንጂ ሰው ያቃተው! ከጠዋት እስከ ምሳ ይናገራሉ።»

«ይህን መቼ ነገርከኝ?»

«እርስዎ የጠየቁኝ እንዴት እንደሚመረጡ ነዋ።»

አቶ ሞረዳም ሳቁና ሻንጣውን አነሡለት።

በስድሳ አራት ዓ.ም. ጉቴ ላይ ትራክተር መጣ። ባለመሬቱ ሰፋፊውን ማሳ በማሽን ሊያሳርስ ስለፈለገ ጭሰኞቹ ከመከር በኋላ እንዲለቁ ተነገራቸው። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ስለ ባለመሬትና ጭሰኛ የወጣውን ረቂቅ ሊመክርበት ቀጠሮ ይዟል። ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገጠመ። ኦቦ ዋጋሪ ግን ይህን ለማየት አልታደሉም፤ ሳንባቸው ታሞ ከረመና አረፉ።

ጆቴ ከነቀምቴ በስልክ ሲነግራቸው አቶ ሞረዳ እንደ ልማዳቸው «ዳማን ጭነህ፣ ካባዬን ለብሰህ ድረስ» አሉት። ስልኩን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ግን ምሳቸውን ትተው ተነሡ። ለወጉ ያህል ሳይሆን በእውነት አዘኑ። እኚያ ሰው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዳምጡ ነው የታዩአቸው። በማግስቱ ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቁ አውቶቡስ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ባኮ ላይ ተበላሽቶ አሳደራቸው።

እዚህ ላይ ስለ ለቅሶው መናገር ያስፈልጋል። ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ከኡኬና ከነቀምቴ የሚመጣው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በሚውልበት ቀን ግቢው ጢም ብሎ ነበር። የወንጌላውያኑ ቄስ አስቀድመው አስጠንቅቀዋል፤ የሚያምን ሰው ተስፋ እንደሌለው አይጮህም፣ ደረት አይደቃም፣ ሙሾ አያወርድም፤ መዝሙር ይዘመር። ሰዉም ለዋጋሪ ክብር ሲል ታዘዘ። ዘመሩ። መዝሙሩ ጥሩ ነው፤ ግን በለቅሶ ላደገ አንጀት አይበቃውም። ድርቤ ሦስት ቀን ሙሉ ለአባቷ አንዲት ሙሾ ሳታወጣ ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች።

ጆቴ በዚህ መሃል ደረሰ። ከግቢው ራቅ ብሎ እንደ ደንቡ ወረደ። ሊገባ ሲል ሽማግሎቹን አያቸው፤ ታላቅ ወንድሙን ባስመረጡት ሰው ለቅሶ ላይ የወንድሙን ካባ ደርቦ እነሱ ፊት መቆም አሳፈረው። አወለቀና ኮርቻው ላይ ጣል አደረገው። ፈረሱን በልጓም ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

በዚያ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ካባው በኮርቻው ላይ ይጣልና ፈረሱ ያለ ጌታው ለቅሶው መሃል ይገባል። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ጆቴም ያውቃል፤ በዚያች ደቂቃ ግን እፍረቱን ብቻ ነበር የሚያስበው። ሰዉ ዳማን አየ፣ ካባውን አየ፣ ባዶውን ኮርቻ አየ።

«ዋይ! አባ ዳማ!» አለች አንዲት ሴት።

ከዚያ በኋላ መዝሙር የለም። ሦስት ቀን የታፈነው ለቅሶ ሁሉ ፈነዳ። ቄሱ እጃቸውን አነሡ፤ ግን ሞረዳ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው አይደሉም፣ ደንቡ እሳቸውን አይመለከትም። ጆቴ «አልሞተም! ደህና ነው!» እያለ ጮኸ። «ምስኪን፣ ልቡ አልቀበል አለው» አሉና ሁለት ሽማግሎች ራሱን እንዳይጎዳ ክንዱን ግጥም አድርገው ያዙት። ድርቤ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች።

አቶ ሞረዳ ጉቴ ላይ ከአውቶቡስ የወረዱት ይህን ጊዜ ነው። የከተማ ካፖርትና ባርኔጣ አድርገው ዳገቱን ሲወጡ ጩኸቱን ሰሙ። «ዋጋሪ እንዴት ያለ ሰው ነበር» አሉ በልባቸው። ከሰዉ ጀርባ ደርሰው ሲቆሙ እንባቸው እንደ ልማዱ ወረደ። ማንም ዞሮ አላያቸውም። መሃረብ አውጥተው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር የራሳቸውን ስም የሰሙት።

ድርቤ በኦሮምኛ ነበር የምታወጣው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ዜማው ይቀራል፤ ነገሩ ግን ይህ ነው፦

እንባው ለቀብራችን ቀድሞን የሚመጣ፣
ድምፁ ከሬዲዮው አንድ ቀን ያልወጣ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። አቶ ሞረዳ መሃረቡን ከፊታቸው አላወረዱም።

አባቴ ደጅ ጠና ጆሮውን ቀስሮ፣
ቃልህን ሳይሰማ ዋለ ተቀብሮ።

ከፊታቸው የቆሙት ወንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ «እውነቷን ነው» አለ፤ ሌላው «ሙት አይወቀስም» አለና ተወው። ድርቤ ወደ ባዶው ኮርቻ ቀረብ አለች፤ ካባውን በእጇ ነካች።

እንግዲህ እዚያ ቤት ብትገናኙማ፣
ንገረው ላባቴ፣ ሬዲዮ የለማ።

አቶ ሞረዳ በሕይወታቸው ስንት ለቅሶ ቆመዋል፤ የራሳቸው ለቅሶ ላይ የቆሙት ግን ያን ቀን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉም ያውቅ ነበር። ዋጋሪ ያውቁ ነበር። እያወቁ ነበር አንጮቴውን ያቀረቡላቸው። ከእፍረቱ የተነሣ የሚይዙት ፈለጉና አጠገባቸው የነበረውን ሰው ትከሻ ያዙ። ሰውየው ዞረ፤ አያቸውና ድምፁ ጠፋ። ዝምታው ከጀርባ ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ፣ እስከ ድርቤ ድረስ።

ማንም አልሳቀም። ጆቴን የያዙት ሽማግሎች ቀስ ብለው ለቀቁት። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ዳዲ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀረቡና አቶ ሞረዳን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«እንኳን ደህና ገባህ» አሉ። «ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም፤ ያንተን ዛሬ አውጥተናል። ኋላ ብንቀር እንዳትቀየመን።»

ድርቤ ይቅርታ አልጠየቀችም። «ለሞተ ሰው ነበር የተናገርኩት» አለች። «ለቆመም ከሆነ ይሁን።»

 አቶ ሞረዳ ዳማን በልጓም ይዘው፣ ሳይቀመጡበት፣ ከጆቴ ጋር እስከ ነቀምቴ በእግራቸው ሄዱ። ጆቴ መንገዱን ሁሉ ሲያለቅስ እሳቸው ያጽናኑት ነበር።

ረቂቁ ለምክር የቀረበ ዕለት አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። አቶ ሞረዳ በወንበራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን አወጡ። ፕሬዚዳንቱ ከወረቀታቸው ቀና ብለው አዩአቸው፤ ፊታቸው አዘነ።

«ተፈቅዷል፣ የተከበሩ አቶ ሞረዳ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

ከግራና ከቀኝ ያሉትም «ያጽናዎት፣ ያጽናዎት» አሉ። አንዱ ደግሞ እንዲያልፉ እግሩን ሰበሰበላቸው። በሩ ቅርብ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ለመውጣት አንድ እርምጃ ተራምደዋል፤ እግር የለመደውን አይረሳም። ከዚያ ቆሙ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ፈቃድ አይደለም የጠየቅኩት» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኖ ወጣ። «ጥያቄ አለኝ። ጉቴ ላይ ትራክተር መጥቷል። ሌላም ቦታ መጥቷል። እኔም ራሴ ጭሰኞች አሉኝ። ያረሰው ሰው የት ይሂድ?»

ሌላ ያሉት የለም። ተቀመጡ። አንድ ሁለት ሰው ጠረጴዛ መታ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ፕሬዚዳንቱ አመሰገኑና ቀጣዩን ተናጋሪ ጠሩ። ረቂቁ ለተጨማሪ ጥናት ተመለሰ። አቶ ሞረዳ ወደ ቢሮ ይጠሩኛል ብለው ሳምንት ጠበቁ፤ የጠራቸው የለም። ያ ደግሞ በራሱ መንገድ አስቀየማቸው፤ አሥራ ስድስት ዓመት የፈሩት ነገር ይህን ያህል ባዶ እንደነበር አላወቁም ነበር።

በዚያ ቀን ዜና ሬዲዮው ስለ አንድ የውጭ አገር እንግዳ አቀባበል ተናገረ፤ ስለ ቡና ዋጋ ተናገረ። ምክር ቤቱ መሰብሰቡንም ጠቅሷል። ጥያቄውን አልጠቀሰም።

ከመከር በኋላ፣ ለአምስተኛው ምርጫ ስም ማስመዝገቢያው ሲቃረብ፣ አቶ ሞረዳ ወደ ኡኬ ወረዱ። ድርቤ ከጉቴ ለቅቃ እዚያ መንገድ ዳር በተሠራች ጎጆ መግባቷን ሰምተው ነበር። አንጮቴ እየላጠች አገኟት። ስታያቸው ተነሥታ እጅ ነሣች።

«ድርቤ» አሉ ቆመው። «ተናገርኩ። የአባትሽን ቃል፣ እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ።»

ድርቤ ቢላዋውን አስቀመጠች። ፊታቸውን ደህና አድርጋ አየችው።

«ሸዋጌጥ ጋ ስናዳምጥ ነበር የሰነበትነው» አለች። «ሬዲዮው አላለም።»

አቶ ሞረዳ አፋቸውን ከፈቱ። ሊሉት የሚችሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያም እውነት ነበር።

«ዘለለው» አሉ።

«እናውቃለን፣ ኦቦ ሞረዳ» አለች ድርቤ ልክ እንደ አባቷ በትሕትና። «ሬዲዮ እንደዚያ ነው። ይግቡ፣ አንጮቴው አሁን ይደርሳል።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ፤ በርጩማው ላይ ተቀምጠው የቀረበላቸውን በሉ።